መንጋጋዬ የተከፈተበት ዓመት

አፌ መከፈት ያቆመው በአንድ ቀን አይደለም። በአንድ ቀን ቢሆን ኖሮ እናቴ ትጮህ፣ ጎረቤት ይሰበሰብ፣ አባቴም የዚያኑ ዕለት ጎባ ሆስፒታል ይዞኝ ይሮጥ ነበር። የእኔ ግን እንደ ክረምት በር ነው የሆነው፤ እንጨቱ እያበጠ እያበጠ ይሄድና አንድ ጠዋት ስትገፋው እንቢ እንደሚልህ በር።

በቅርቡ አንዲት እናት ጨርቅ ልትገዛ ሱቄ መጣች። አጠገቧ የቆመችውን ልጇን እያሳየች «ምግብ እየመረጠች አስቸገረችኝ፣ ዳቦ እንኳ አትገምጥም» አለችኝ። ልጅቷን «እስቲ አፍሽን ክፈቺ» አልኳት። የከፈተችው አንድ ጣት እንኳ በወጉ አያስገባም። እናትየዋን ወንበር ሰጥቼ አስቀመጥኳትና የእኔን ነገር ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳት። እዚህም የምጽፈው ያንኑ ለእሷ የነገርኳትን ነው፤ ሌላም የሚጠቅመው ካለ ብዬ።

የሮቤ ልጅ ነኝ። ሰዓዳ እባላለሁ። አባቴ ሁሴን ገበያው ዳር ጨርቅ ይሸጥ ነበር፤ የእናቴ ወገኖች ሲናና ገበሬዎች ናቸው። ዘጠኝ ዓመት ገደማ ሲሆነኝ ከሲናና ሰርግ ስንመለስ አጎቴ ፈረሱ ላይ ከኋላው አፈናጠጠኝ። ከገብሱ ማሳ መሐል ወፍ ብር ብሎ ሲነሳ ፈረሱ ደነበረ፤ እኔም በአገጬ ድንጋይ ላይ ወደቅኩ። አገጬ ተሰነጠቀ። የጤና ጣቢያው ድሬሰር ሰፋልኝ፤ ቁስሉም ፈጥኖ ዳነ። ሁሉም ሰው የሚያየው ቁስሉን ነበር። ከጆሮዬ ፊት ለፊት፣ የታችኛው መንጋጋ ከራስ ቅል ጋር በሚገናኝበት ቦታ በሁለቱም በኩል እንደሚያመኝ ብናገርም «መውደቅሽ ነው፣ ይተውሻል» አሉኝ።

እውነትም ተወኝ። ሕመሙ ተወኝና አፌ መዘጋት ጀመረ።

መጀመሪያ ያቃተኝ ድንች ነው። ሙሉውን እጎርስ የነበረውን ለሁለት መቁረስ ጀመርኩ፤ ከዚያ ለአራት። ቀጥሎ ዳቦ እምቢ አለኝ። እህትና ወንድሞቼ ገብስ ቆሎ እፍኝ እፍኝ እያነሱ ሲቆረጥሙ እኔ አንድ አንዷን በጥርሴ መሐል እያሾለክሁ አስገባ ነበር። እናቴ ቅምጥልነት መሰላት። «ምን ሆነሽ ነው እንደ ሙሽራ የምትበይው?» ትለኝ ነበር። ምን እንደሆንኩ እኔም አላውቅም። ልጅ ነኛ! የሁሉም ሰው አፍ በጊዜው እንዲህ የሚሆን ይመስለኝ ነበር።

ማንኪያ አልገባም ያለ ቀን እናቴ ደነገጠች። አንድ ክሊኒክ ወሰዱኝ። እዚያ የነበረው ሰው አፌን ለመክፈት ታገለ፣ ታገለና አባቴን ወደ ውጭ ጠርቶ «መንጋጋ ቆልፍ ነው» አለው። መንጋጋ ቆልፍ በቁስል ገብቶ ሰውነትን እንደ ግንድ የሚያደርቅ፣ ብዙ የማያቆይ በሽታ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። መርፌ ወጉኝና ወደ ቤት መለሱኝ። በሁለተኛው ቀን የሲናና ዘመዶቼ በፈረስ መጡ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ግድግዳውን ተደግፈው ተቀመጡ። እኔ አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ ወተት እየጠጣሁ አያቸዋለሁ። ይጠብቃሉ፤ እኔም እጠብቃለሁ። ሳልሞት ሰነበትኩ። በመጨረሻ አንዱ አጎቴ «እንግዲህ ማሳችን ይጠብቀናል» ብሎ ተነሳ፤ እያፈሩ ሄዱ። ዛሬ ስናወራው እንስቃለን፤ ያኔ ግን እናቴ ለቀናት እህል አልቀመሰችም ነበር።

ሌላው ሰው ደግሞ «ወደ ውስጥ የበቀለ ጥርስ ነው መንጋጋዋን የያዘው» አለ። በዚያች ጠባብ ክፍተት መሣሪያ አስገብቶ ከጎን ሁለት ጥርስ ነቀለኝ። ሕመሙን አልናገርም። አፌ በእሱ ቅንጣት አልተከፈተም፤ ግን በተነቀለው ጥርስ ቀዳዳ አጥሚት፣ ወተትና የላመ ገንፎ ማስገባት ቻልኩ። ለብዙ ዓመት የበላሁት በዚያ ቀዳዳ ነው። ስህተት የሆነው ሕክምና በሕይወት አቆየኝ፤ የአላህ ሥራ እንዲህ ነው።

ሼኽ ዘንድም ተወስጃለሁ። ጅን ነው ያሉ ጎረቤቶች ነበሩና። ሼኹ ጸጥ ያሉ ሽማግሌ ነበሩ። ቁርኣን ቀሩልኝ፣ ራሴን ዳበሱኝ፣ ከዚያ ለአባቴ «እኔ ዱዓ አደርጋለሁ፤ አንተ ደግሞ ሐኪም መፈለግህን አታቁም» አሉት። አባቴ ግን ደክሞት ነበር። በዚያ ላይ የሶማሊያ ጦርነት መጣ፤ መንገዱ የወታደር ሆነ፤ ሱቁ የሚከፈትበት ቀን ከሚዘጋበት አነሰ። የእኔ አፍ የማን ጭንቅ ይሆናል?

እያደግሁ ስሄድ አገጬ ከእኔ ጋር አላደገም። ወደ ኋላ ሸሸ። ከጎን ሲያዩኝ ከከንፈሬ በታች ፊቴ ወደ አንገቴ የሚፈስ ይመስላል። በሻርፔ እስከ አፍንጫዬ መሸፈን ለመድኩ፤ የማያውቁኝ ሰዎች ለሃይማኖቴ ያለኝ ጥንቃቄ ይመስላቸው ነበር። ስናገር ድምፄ በጥርሴ መሐል እየተጨመቀ ነው የሚወጣው። ትምህርት ቤት ተነስቼ ጮክ ብዬ እንዳነብ በታዘዝኩ ቁጥር ልጆቹ ይስቃሉ፤ ሰባተኛ ክፍል ላይ ተውኩት። ሱቅ ውስጥ ከኋላ ሆኜ ጨርቅ እለካለሁ፣ እቆርጣለሁ፣ አልናገርም።

አዳዳ ሻምሲያን የማስተዋውቃችሁ እዚህ ላይ ነው። አዳዳ በኦሮምኛ የአባት እህት ማለት ነው። የአባቴ ታላቅ ናቸው፤ አባቴ ራሱ አንቱ ይላቸው ነበር። ባላቸው ሞቷል፣ ልጅ አልወለዱም፣ ከእኛ አጥር ማዶ ለብቻቸው ይኖራሉ፣ ገበያ ቅቤ ይሸጣሉ። እጃቸው ጠንካራ፣ ምላሳቸው ከእጃቸው የጠነከረ ሴት ነበሩ። ቤታችን ሲገቡ ሁላችንም ቀጥ ብለን እንቀመጥ ነበር።

ዕድሜዬ ለአካለ መጠን በደረሰበት ጊዜ ነው፤ አንድ ቀን ብርቱ ትኩሳት ያዘኝና አስመለሰኝ። አፉ ለማይከፈት ሰው ትውከት ምን ማለት እንደሆነ ያየ ያውቀዋል። መውጫ የለውም። ትንፋሼ ተዘጋ፣ ዓይኔ ጨለመ። እናቴ ራሷን ይዛ ትጮሃለች። አዳዳ ሻምሲያ ጩኸቱን ሰምተው በአጥሩ ቀዳዳ ገቡ። በወገቤ ይዘው ፊቴን ወደ መሬት ደፉኝ፣ ጀርባዬን መቱኝ፣ በዚያች የጥርስ ቀዳዳ ጣታቸውን አስገብተው ጠረጉልኝ። አየር ሳገኝ መጀመሪያ ያየሁት ከሱቅ ሮጦ በሩ ላይ የደረሰውን አባቴን ነው። ሜትሩ አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ ቆሟል።

«ሁሴን» አሉት አዳዳ፣ እያለከለኩ። «ይቺ ልጅ አንድ ቀን ታንቃ ትሞትብሃለች። ደክሞኛል ብለህ ተውካት፤ እሷ ግን አልደከማትም፣ ይኸው ትተነፍሳለች። ነገ ጎባ!»

በማግስቱ ጎባ ሄድን።

የጎባ ብርድ ከሮቤ ይብሳል፤ ከሳነቴ ተራራ የሚወርድ ጉም ሆስፒታሉን እስከ ረፋድ አይለቀውም። በእንጨት አግዳሚ ላይ ተደርድረን ጠበቅን። አጠገቤ የተቀመጠች ነፍሰ ጡር ሴት ስንቀጠቀጥ አይታ የጋቢዋን ግማሽ አለበሰችኝ። ስሟን አልጠየቅኳትም፤ ተራዋ ደርሶ ስትገባ ጋቢውን «ይዘሽ ቆዪልኝ» ብላ ጥላልኝ ሄደች። እንግዳ ሰው በእኔ ላይ እምነት ሲጥል ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነበር።

ሐኪሙ ከኩባ የመጣ ወጣት ነው፤ አንዲት ሲስተር ታስተረጉምለታለች። እንደ ሌሎቹ አፌን ሊፈለቅቅ አልሞከረም። ከኋላዬ ቆሞ ጣቶቹን ከጆሮዎቼ ፊት አድርጎ «ለመክፈት ሞክሪ፣ ለመዝጋት ሞክሪ» አለኝ። በጣቶቹ አዳመጠ። ከዚያ አገጬ ላይ ያለውን የድሮ ጠባሳ በጣቱ ነካና «መቼ ነው የወደቅሽው?» አለ። አባቴና እኔ ተያየን። በዚያ ሁሉ ዓመት ይህን ጥያቄ የጠየቀን ሰው አልነበረም።

ራጅ አስነሳኝ። ፎቶውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙሮ አሳየን፤ ከዚያ ወደ በሩ ሄዶ ማጠፊያውን በጣቱ አንኳኳ።

«መንጋጋ እንደዚህ በር ነው ይላል» አለች ሲስተሯ። «በዚህና በዚህ ማጠፊያ አለው። ስትወድቂ ማጠፊያው ተሰበረ፤ ሳይታከም ሲቀር አጥንቱ እርስ በርሱ ተጣብቆ አንድ ሆነ። ጅንም ጥርስም አይደለም።»

«ይፈታል?» አለ አባቴ።

«ይፈታል። የተጣበቀውን ቆርጠው መንገድ ይከፍቱለታል፤ አገጩንም ወደ ፊት ያመጡታል። እዚህ ግን አይሠራም፣ አዲስ አበባ ነው።»

ቤት ስንደርስ እናቴ ሰማች፣ ጮኸች። አንድ ልጅ ሆስፒታል ሞቶባታል፤ ከሆስፒታል የሚመለስ ያለ አይመስላትም። «እንዲህም ሆና ትኑርልኝ! አጥሚት ማጠጣት እኔን አልሰለቸኝ!» አለች። አባቴ ወደ እኔ ዞረ። መናገር የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። በተዘጋው ጥርሴ መሐል «እማ፣ እኔን ሰለቸኝ» አልኳት። ከዚያ በኋላ አልተከራከረችም፤ ለመንገድ የሚሆነኝን አጥሚት ስታዘጋጅ አደረች።

በዚያ ዘመን ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት ሳይያዝ አይጓዙም። እሱን አውጥተን፣ አባቴ ከሱቁ የሚሸጠውን ሸጦ፣ አዳዳ ሻምሲያም ተከትለውን በሻሸመኔ በኩል አዲስ አበባ ገባን። አልጋ እስኪገኝ በዘመድ ቤት ብዙ ጠበቅን። የሚሠራልኝ ዶክተር አጭር፣ ረጋ ያለ ሐበሻ ነበር። ማደንዘዣውን የሚሰጡበት ቱቦ በአፌ ሊገባ ስለማይችል ጉሮሮዬን ከፊት በትንሹ በስተው እንደሚያስተነፍሱኝ፣ ለጥቂት ቀንም ድምፅ እንደማይኖረኝ አስረዳኝ። በእጄ አንገቴን ያዝኩ። «ቀዳዳው ይደፈናል፤ ድምፅሽም ይመለሳል» አለኝ። አላመንኩትም፤ ግን ፈረምን።

ስነቃ ፊቴ የእኔ አልነበረም። ከባድ፣ የሚነድ፣ በፋሻ የታሰረ ነገር አንገቴ ላይ ተቀምጧል። ልጣራ ብል ድምፅ የለም። ሴቶች ክፍል ወንድ አያድርም፤ አዳዳ ሻምሲያ ግን ከአልጋዬ ሥር ሰሌን አንጥፈው ሰንብተዋል። ከነጠላቸው ጥለት ክር መዘው አንዱን ጫፍ የእኔ እጅ ላይ፣ አንዱን የእሳቸው እጅ ላይ አሰሩ። «ስትፈሪ ሳቢው» አሉኝ። በእነዚያ ሌሊቶች ስንት ጊዜ እንደሳብኩት አላውቅም። ሳያመኝ፣ ሳይጠማኝ፣ እንዲሁ መኖራቸውን ለማወቅ ብቻ የሳብኩበት ጊዜ ብዙ ነው። አንድም ጊዜ ሳይነሱ አልቀሩም፤ አንድም ጊዜ «ምነው?» ብለው አልተቆጡኝም። ተነስተው እግሬን ጨበጥ አድርገው ተመልሰው ይተኛሉ።

የጉሮሮዬ ቀዳዳ ተደፍኖ ድምፄ ተመለሰ፤ ፋሻው የተፈታ ቀን ዶክተሩ «በይ ሞክሪ» አለኝ። አንዳች ነገር ውስጤ ተንሸራተተ፤ አፌ ከፈት አለ። ሁለት ጣቱን አስገብቶ ሳቀ። አዳዳ «አልሐምዱሊላህ» ብለው ግንባራቸውን አልጋው ብረት ላይ ደፉ። መስተዋት ሰጡኝ፤ ካበጠው ፊቴ ሥር አገጭ የሚባል ነገር ነበረኝ።

ዶክተሩ ግን ደስታችንን ብዙ አላቆየውም። «የእኔ ሥራ አለቀ፣ የእናንተ ዛሬ ጀመረ» አለ። ምላስ መጫኛ እንጨቶች ደራርቦ በጥርሴ መሐል አስገባና ሌላ አንድ ጨመረ። ጮህኩ። «በየቀኑ፣ በቀን ብዙ ጊዜ፣ ቢያንስ ለዓመት እንዲህ ካልተለጠጠ አጥንቱ ተመልሶ ይጣበቃል። ሁለተኛው ቀዶ ጥገና ከመጀመሪያው ይከብዳል።»

«ብታለቅስስ?» አሉ አዳዳ።

«ታልቅስ። ማልቀሷ አይጎዳትም፤ የሚጎዳት መተዉ ነው።»

እባካችሁ፣ እዚህ የምትደርሱ ሰዎች ይህቺን አስምሩባት። እኛ ቀዶ ጥገናው ትልቁ ነገር ይመስለን ነበር። ትልቁ ነገር ቤት ውስጥ ነው የነበረው።

ሮቤ ስንመለስ አናጢ ከእንጨት ለስላሳ ሽብልቅ ጠረበልን፤ ጫፉ ስስ፣ ወደ ኋላ እየወፈረ የሚሄድ። አዳዳ ሻምሲያ ጠዋት ከሶላት በኋላ ይመጣሉ፣ ከገበያ መልስ ይመጣሉ፣ ማታም ሳይመሽ ይመጣሉ። ፊት ለፊቴ በርጩማ ላይ ይቀመጡና «ባኒ» ይሉኛል፤ ክፈቺ ማለት ነው። ሽብልቁን በጥርሴ መሐል አስገብተው ይገፋሉ። ከጆሮዬ ሥር እሳት ይነሳል። እንባዬ እጃቸው ላይ ይወርዳል። «ኦብሲ፣ ታገሺ፣ እንዲያው ትንሽ» እያሉ እጃቸው ግን አይላላም። እናቴ ከቤት ትወጣለች። አጥሩ ሥር ቆማ ጆሮዋን ይዛ እስኪያልቅ ትጠብቃለች።

እንዲህ ሆነን ጥሩ እየሄድን ሳለ አዳዳ ለዘመድ ለቅሶ ወደ ብድሬ መሄድ ግድ ሆነባቸው። ሽብልቁን ለእናቴ ሰጧት። «እኔ እስክመለስ አደራሽን» አሏት። እናቴ በመጀመሪያው ቀን ሞከረች፤ ገና «እህ» ስል አወጣችው። በማግስቱ ከንፈሬ ላይ አድርጋ ብቻ መለሰችው። በሦስተኛው ቀን «ዛሬ እረፊ፣ ፊትሽ ደክሟል» አለችኝ። እኔ ራሴ እንዳልይዘው ቀምታኝ ምድጃው ውስጥ ከተተችው። ነዶ አለቀ።

አዳዳ ሰንብተው ከብድሬ ሲመለሱ የመንገድ አቧራቸውን ሳያራግፉ መጥተው «ባኒ» አሉኝ። ከፈትኩ። ፊታቸው ሲለወጥ አየሁ። ሁለት ጣት ተኩል ትተውት የሄዱት አፍ አንድ ጣት በግድ ነው የሚያስገባው።

«ፋጡማ፣ ምን አደረግሻት?» አሉ እናቴን።

እናቴ ከምድጃው አጠገብ ተነሳች። ሁልጊዜ አንገቷን ደፍታ የምታናግራቸው እናቴ ያን ቀን ቀና አለች። «እኔ ወልጃታለሁ፤ አላሰቃያትም! እርስዎ ቢወልዱ ኖሮ እጅዎ እንዲህ አይጨክንም ነበር!»

ይህ ቃል በእኛ ቤት ተነግሮ አያውቅም። አዳዳ ነጠላቸውን አስተካክለው በአጥሩ በኩል ወጡ። በማግስቱ ጠዋት አልመጡም። ከሰዓትም አልመጡም።

አባቴ ሌላ ሽብልቅ አስጠረበ። እኔ መስተዋት ፊት ቁጭ ብዬ በራሴ እጅ ለመግፋት ሞከርኩ። ሕመሙ ሲመጣ እጄ በራሱ ይመለሳል፤ እገፋለሁ፣ ይመለሳል። እናቴ በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች። አፌ እንደገና ሲዘጋ፣ ያ የመታፈን ቀን እንደገና ሲመጣ ታየኝና ወደ እሷ ዞሬ «እማ፣ አፌ ሊዘጋብኝ ነው» አልኳት።

ሽብልቁን ከእጄ ወስዳ ወጣች። ተከተልኳት። የአዳዳ ቤት በሩ ገርበብ ብሏል፤ ውስጥ የሉም። ወደ ጓሮ ዞርን። ድንጋይ ላይ ጀርባቸውን ሰጥተውን ተቀምጠዋል፤ የሻርፓቸውን ጫፍ አፋቸው ውስጥ ነክሰው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ሲያለቅሱ አይቼ አላውቅም ነበር። ባላቸው ሲሞት እንኳ ያለቀሱት ከሌላው ሰው ያነሰ ነው ይባላል።

«አዳዳ» አለች እናቴ። «ያለቅሳሉ እንዴ?»

ዓይናቸውን ጠርገው ሳይዞሩ መለሱ። «ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ። ከእናንተ ቤት ስወጣ እዚህ ነው የምቀመጠው። እዚያ ባለቅስ ማን ይይዛታል፣ ፋጡማ? አንዳችን መጠላት ነበረብን፤ እኔን ትጥላኝ ብዬ ነው። የሚጠላኝ ልጅ የለኝም አይደል?»

እናቴ ተንበርክካ ጉልበታቸውን ሳመች። «አፉ በሉኝ» አለች፤ ደጋግማ አለች። ከዚያ ሽብልቁን በሁለት እጇ አቀረበችላቸው። «ከእንግዲህ ራሷን እኔ ልያዝ፤ አፏን እርስዎ ይክፈቱ። አልወጣም።»

ያኔውኑ እዚያው ጓሮ ውስጥ አደረግነው። እናቴ ከኋላዬ ተቀምጣ ራሴን ደረቷ ላይ አስደግፋ ያዘችኝ። ልቧ ጀርባዬ ላይ ይመታ ነበር። አዳዳ ከፊቴ «ባኒ፣ ልጄ» አሉኝ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ «ልጄ» ያሉኝ በዚያ ጓሮ ነው። የጠፋው ክፍተት በቶሎ አልተመለሰም፤ ከባድ ሳምንታት ነበሩ። ሕመሙም ያው ሕመም ነው፤ ግን በሁለት ሰው መሐል ሆኖ መታመም ለብቻ እንደመታመም አይደለም።

ከወራት በኋላ ጎባ ለክትትል ሄድን። ኩባዊው ሐኪም ሦስት ጣቱን ደርድሮ አስገባና ለአባቴ በስፓኒሽ ብዙ ነገር ተናገረ። ሲስተሯ ሳትተረጉመው አባቴ በኦሮምኛ መለሰለት፤ ሁለቱም ተግባቡ። ያን ማታ ገብስ ቆሎ እፍኝ ሙሉ ቃምኩ። ሲንኮሻኮሽ እህትና ወንድሞቼ አዳመጡኝ።

ለዚያች ሱቄ ለመጣች እናትም ያልኳት ይህንኑ ነው። ልጅ በአገጩ ሲወድቅ ቁስሉን ብቻ አትዩ፤ አፍህን ክፈት በሉት፤ ዛሬም፣ ከወር በኋላም። ጆሮው ሥር አመመኝ ካለ አትናቁት። መብላት እምቢ ያለ ልጅ ሁሉ ቅምጥል አይደለም። ቀዶ ጥገና ከተደረገ ደግሞ ቤታችሁ ውስጥ የማይራራ እጅ ፈልጉ፤ ያ እጅ ሲደክም ግን አይዞህ የሚለው ሰው አይጣ። እናትየዋ ልጇን ይዛ ሐኪም ቤት ሄዳለች፤ በጊዜ ደርሳችኋል አሏት፣ አልሐምዱሊላህ።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ዓመቱ ሊሞላ ሲል ቀበሌ ስብሰባ ተጠራን። መቅረት አይቻልም። አዳራሹ ሙሉ ነው፤ እኔ በእናቴና በአዳዳ መሐል ተቀምጫለሁ። ሊቀመንበሩ ስለ ስንዴ ምርት ዘመቻ ይናገራል፤ ይናገራል፤ ይናገራል። ከሰዓት በኋላ ነው፣ ቆርቆሮው ሞቋል። ያን ጊዜ ማዛጋት መጣብኝ። መንጋጋዬ ተቆልፎ በነበረ ጊዜ ማዛጋት አፍንጫዬ ውስጥ ታፍኖ ይቀር ነበር፤ ከቀዶ ጥገናው በኋላም ሕመሙ መሐል ላይ ይቆርጥብኝ ነበር። ያን ቀን ግን አልተቆረጠም። መጣ፣ ሰፋ፣ ሄደ ሄደና አፌ ወለል ብሎ ተከፈተ። እንባ ከዓይኔ እስኪወጣ፣ ጆሮዬ ጭው እስኪል አዛጋሁ፤ በሊቀመንበሩ ፊት፣ በአብዮቱ መሐል!

አዳዳ በክርናቸው ሊጎስሙኝ ዞሩ፤ አዩኝ፤ ክርናቸው አየር ላይ ቀረ። የእናቴን እጅ በላዬ ተሻግረው ያዙ። እናቴ አየችኝና ከሆዷ እልል አለች። ነገሩን የሚያውቁ የሰፈራችን ሴቶች ዞር ብለው ሲያዩኝ ገባቸው፤ ተቀበሏት። አዳራሹ በእልልታ ተናጋ። ሊቀመንበሩ ንግግሩን ገታ አደረገ፤ ለስንዴው የተባለ መስሎት ፊቱ በራ፤ «የሴቶቻችን ንቃት ይህን ይመስላል!» ብሎ ክንዱን ወደ ላይ ሰነዘረ። እልልታው ባሰበት።

አዳዳ ሻምሲያ ዓይናቸውን በሻርፓቸው እየጠረጉ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አሉ። «በይ አሁን ዝጊው» አሉኝ፤ «ዝንብ ይገባል።»

ዘጋሁት። ከልጅነቴ ጀምሮ አፌን ወድጄ ስዘጋ ያ የመጀመሪያዬ ነበር።